ሊብሬው ሆዱ ላይ ነው

ለእህቴ ልጅ፤ ከአያቱ ሳጥን ትንሽ አውቶቡስ ላገኘው

የላክኸው ፎቶ ደርሶኛል። የቆቦ ፀሐይ ስልክ አያስነብብም፤ ጓዳ ገብቼ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ ሦስት ጊዜ አየሁት። ከአያትህ የእንጨት ሳጥን ሥር፣ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላ የተገኘች መጫወቻ አውቶቡስ፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ብርቱካን፣ ቁመቷ ጣት የምታክል። «ጋሼ፣ ስንት ታወጣለች? ከየትስ መጣች?» ብለህ ጽፈሃል። ጥያቄዎቹ ደኅና ናቸው፤ ተገልብጠው መጡ እንጂ። ከየት እንደመጣች ሳታውቅ ስንት እንደምታወጣ አታውቅም። ላሜራ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ሊብሬ የሌለው መኪና ይዞ ገዢ የሚፈልግ ሰው ስንቱን አየሁ! ሞተሩ ጤነኛ፣ አካሉ ጤነኛ፤ ገዢው ግን አንዴ ዞሮት ይሄዳል።

እኔም እንደምታውቀው መስኮቴ ላይ 13 ትንንሽ መኪና ደርድሬ «ሽማግሌው ልጅ ሆነ» እየተባልሁ የምኖር ሰው ነኝ። ስለዚህ አላሾፍብህም። ምክሮቹን በቁጥር ያስቀመጥሁት ተመልሰህ ለማየት እንዲቀልህ ነው።

1. አትጠባት

እናትህ ነገረችኝ፤ ላርጎ በጥብጠህ በጥርስ ብሩሽ ልትፈትጋት ነበር አሉ። ተው። አቧራዋን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በደረቅ ጨርቅ ጫፍ አራግፍ፤ ከዚያ በላይ አትንካት። ውሃ በአካሏና በሆዷ መካከል ከገባ መውጫ የለውም፤ ጎማዎቹን የያዙት ቀጫጭን ብረቶች ይዝጋሉ። የተላጠው ቀለም ደግሞ ያስጠላህ ይሆናል፤ እሱ ግን ምስክር ነው። የት እንደወደቀች፣ በየትኛው ጎኗ መሬት ለመሬት እንደተገፋች፣ ልጅ ተጫውቶባት እንደነበር ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ እንደከረመች የሚናገረው እሱ ነው።

የማውቀውን ነው የምነግርህ። ወጣት ሳለሁ ከአንድ ያረጀ መኪና ወንበር ሥር ትንሽ የብረት መኪና አገኘሁ። እጄ ሥራ አያጣም፤ ስቱኮ ቀባሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ፣ ለደንበኛ ከተበጠበጠው ቀይ ቀለም ነፋሁባት። አንጸባረቀች። ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው አሳየሁት። ገለበጣት፣ አያት፣ መለሰልኝና «ቀለሙ ጥሩ ነው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ገብቶኛል። አሁን መስኮቴ ላይ የመጨረሻዋ እሷ ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬአታለሁ።

2. ገልብጠህ አንብብ

መኪና ሊብሬ አለው፤ መጫወቻም አላት፣ ያውም ሆዷ ላይ። ሁለተኛው ፎቶህ ላይ የታየኝ ይኸው ነው፤ ቁጥር 68፣ የመርሴዲስ ስም፣ የሌስኒ ስም፣ እንግሊዝ አገር መሠራቷ። ይህን ያነበበ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሌስኒ የሰው ስም አይደለም። ሁለት ከባሕር ኃይል የተመለሱ እንግሊዛውያን፣ ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ለንደን ውስጥ አንድ የተዘጋ መጠጥ ቤት ይዘው ብረት ማቅለጥ ሲጀምሩ ከሁለቱም ስም ቆርጠው የገጠሙት ነው። ስሚዝ መባላቸው አጋጣሚ ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ኋላ ጃክ ኦዴል የሚባል ባለሙያ ተቀላቀላቸው። እንደሚተረከው የኦዴል ልጅ ትምህርት ቤት፣ ተማሪ ክብሪት ሳጥን ውስጥ የማይገባ መጫወቻ ይዞ እንዳይመጣ ከልክሎ ነበር፤ አባትየው ክብሪት ሳጥን ውስጥ የምትገባ የመንገድ መዳመጫ መኪና ሠራላት። እ.ኤ.አ. በ1953 «ማችቦክስ» የሚባሉት መኪናዎች የወጡት ከዚያ ነው፤ ትርጉሙም የክብሪት ሳጥን ማለት ነው። የአንተዋ 68 ቁጥር መርሴዲስ አውቶቡስ ገበያ የወጣችው ግን በ1965 ነው፣ እንደ ውጭው አቆጣጠር።

ሌላም ቀን ሌላ መጫወቻ ሊገጥምህ ይችላልና ጥቂት የሆድ ጽሑፍ ልቁጠርልህ፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። «ሜካኖ» እና «ዲንኪ» ካየህ ሊቨርፑል ነው፤ ስሙ ከ1934 ጀምሮ አለ፣ ፋብሪካው በ1979 ተዘጋ። «ኮርጊ» ካለ የዌልስ ስዋንሲ ነው፣ ከ1956 ወዲህ። ቆርቆሮ ሆኖ «በተያዘች ጃፓን የተሠራ» የሚል ከሆነ በ1947 እና በ1952 መካከል ነው፤ አሜሪካኖች ጃፓንን ይዘው በነበሩበት ጊዜ የተወለደ መጫወቻ ማለት ነው። «ምዕራብ ጀርመን» ካለ ከ1949 አይቀድምም። ማችቦክስ ሆኖ «ማካው» ወይም «ቻይና» ካለ ደግሞ ሌስኒ በ1982 ከስሮ ከተሸጠ በኋላ የመጣ ነው። ያው ስም፣ ሌላ እናት።

የአገር ስም ፖለቲካን ተከትሎ ይለወጣል፤ መጫወቻዋ ግን የተወለደችበትን ስም ይዛ ትቀራለች። ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

3. ማግኔት፣ አጉሊ መነጽርና የመስኮት ብርሃን

ማግኔት ጎኗ ላይ አስጠጋ። ካልያዘ ደኅና ነው፤ እነዚህ መኪናዎች የሚቀረጹት ከዚንክ ቅይጥ ነው፣ ማግኔት አይዘውም። ሙሉ በሙሉ ጥብቅ ካለባት ቆርቆሮ ናት።

ቀጥሎ ሆዷን ከአካሏ ጋር የያዘውን ሪቬት በአጉሊ መነጽር እይ። የፋብሪካ ሪቬት ጫፉ ተጨፍልቆ እንደ እንጉዳይ ራስ የተዘረጋ ነው። ተሰርስሮ ብሎን ወይም ማጣበቂያ ከገባበት አንድ ሰው ከፍቷታል፤ ከፍቶ የሚመለስ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም። ቀለም በሪቬቱ ላይ አልፎ ከፈሰሰም እንደ እኔዋ ቀይ ናት። ከዚያ መስኮት ዳር ወስደህ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታት አድርግ። የተጠገነ ቦታ እንደ ተለጠፈ ቀሚስ ራሱን ይናገራል።

ጎማውን አትለፈው። የማችቦክስ መኪናዎች መጀመሪያ የብረት ጎማ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማለቂያ ግራጫ ፕላስቲክ መጣ፣ ኋላ ጥቁር። በ1968 አሜሪካኖቹ «ሆት ዊልስ» የሚባሉ በፍጥነት የሚንሸራተቱ መኪናዎች ሲያወጡ ሌስኒ ደንግጦ በ1969 ቀጭን አክስል ያላቸውን «ሱፐርፋስት» አወጣ። የአንተዋ ከዚያ በፊት የነበረች ስለሆነች ጥቁር ጎማዋ ከእድሜዋ ጋር ይስማማል። ቀጭን ፈጣን ጎማ የገባባት 68 ቁጥር አውቶቡስ ብታይ ግን የሌላ ሰው ጫማ አድርጋለች በል።

የቆየ ብረት የሚበላው በሽታም አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ የዲንኪ መኪናዎች ቅይጡ ውስጥ እርሳስ ስለገባበት ከውስጥ እየተሰነጠቁ ይፈረፍራሉ፤ ሳይነኩ፣ ሳይወድቁ፣ መደርደሪያ ላይ እንደቆሙ። ነቀዝ የገባው ማሽላ ታውቃለህ? ውጪው ደኅና ይመስላል፣ ሲጨብጡት ዱቄት ነው። የአንተዋ ከጦርነቱ በኋላ ስለተሠራች ብዙ አያሰጋትም።

4. «ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው»

በቤታችሁ እንዲህ እንደሚባል ጽፈሃል። እንቁጠረው። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፣ በእኛ። አውቶቡሷ የወጣችው በ1965 በእነሱ፣ ማለትም በእኛ በ1957 ወይም በ1958። 24 ዓመት ይጎድላል። ያልተወለደ ልጅ ደግሞ ተትቶ አይሄድም።

በዚህ በኩል ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ፤ የውጭውን ዓመት አንብቦ በእኛ ቆጥሮ፣ ወይም ተገላቢጦሽ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃታል ወይም ያሳንሳታል። ስትጽፍ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በልበት።

ነገር ግን የቤቱን ወሬ አውጥተህ አትጣል። ወሬ ሲሳሳት እንኳ አድራሻ ይዞ ነው የሚሳሳት። «ጣሊያን» የሚለው ቃል ከየት መጣ? በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ አሥመራ ላይ ጣሊያኖች ገና ሱቅ ነበራቸው። «ከጣሊያን ሱቅ የተገዛ» የነበረው ቃል ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አጥሮ «የጣሊያን» ሆኖ ቢሆንስ? ይህ ግምት ነው፤ አክስትህን ሳትጠይቅ እንዳትጽፈው።

5. አክስትህን ዛሬ ጠይቅ

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፣ ልብ ብለህ ስማኝ። አንዲት መጫወቻ ሁለት መነሻ አላት። አንደኛው ከፋብሪካ የወጣችበት ነው፤ እሱ ሆዷ ላይ ተቀርጿል፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይነበባል። ሁለተኛው ከዚያ ተነሥታ ቆቦ፣ አያትህ ሳጥን ውስጥ የገባችበት መንገድ ነው፤ እሱ የትም አልተጻፈም። ያለው በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ነው፤ የአባትህ ታላቅ እህት ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። አንተ ግን ያን ትተህ ሦስት ሌሊት የለንደን ዋጋ ስትፈልግ አደርህ።

አያትህ ከአዲስ አበባ አሥመራ በሚመላለስ ኤንትሬ ላይ ረዳት ነበሩ። ያን ጊዜ ይህ መንገድ የአገር ጀርባ አጥንት ነበር፤ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደሴ፣ ወልድያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ፣ ግራ ካሕሱን ወጥቶ ኮረም፣ መቀሌ፣ አሥመራ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ያኔ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ «ስንት አዳር ነው?» ነበር የሚባለው። ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ነው፤ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ፣ አፍሪካን የተሸከመ መኪና። ጭነትም ይጭናል፤ አካል ተሠርቶለት ፖርቶ መጋላው ላይ ቅርጫትና ፍየል ታስሮበት ሰውም ይጭናል።

በዚያ መንገድ ዕቃ የሚመጣበት ሦስት በር ይታየኛል። አንዱ የአሥመራ ጣሊያኖች ሱቅ ነው። ሁለተኛው ቃኘው ነው፤ አሜሪካኖች አሥመራ ላይ እስከ 1969 ዓ.ም. የያዙት የጦር ሰፈር። የራሳቸው መደብር ነበራቸው፤ ከዚያ የወጣ ዕቃ በአሥመራ ሰው እጅ ሲዞር ያላየ የለም። ሦስተኛው የአዲስ አበባ ፒያሳ ነው። አራተኛም አለ ብትለኝ አልከራከርም፤ ከ1954 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የሰላም ጓድ የሚባሉ አሜሪካውያን መምህራን በየአውራጃው ከተማ ገብተው ነበር፤ ከእነሱ አንዱ ለተማሪ የሰጠው ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሆዷ አይነግርህም።

ስትጠይቃቸው እንዲህ አድርግ። «እትዬ፣ ይህ በስንት ዓመተ ምሕረት ተገዛ?» እንዳትል። ዓመተ ምሕረት የቢሮ ጥያቄ ነው፤ ሰው ይደነግጣል፣ የማያውቀውን ቁጥር ይሰጥሃል። ቡናው ይፈላ። አውቶቡሷን መዳፋቸው ላይ አስቀምጥና ዝም በል። ከዚያ በእሳቸው ቀን ቁጠር፤ «ከ66ቱ ድርቅ በፊት ነው፣ በኋላ? ያኔ ማን ተወልዶ ነበር? አያቴ ያን ጊዜ ከማን ጋር ነበር የሚሠሩት? ቤታችን ያኔ ሣር ነበር፣ ቆርቆሮ?» የራያ ሰው ዘመኑን የሚቆጥረው በድርቅና በዝናብ፣ በልጅና በከብት ነው፤ እንዲህ ሲቆጥር ደግሞ አይሳሳትም። ሲናገሩ አታርማቸው። «ጣሊያን» ካሉ «ጣሊያን» ብለህ ጻፍ፤ ያንተን ግምት ከሥር ለብቻው አስቀምጥ። ድምፃቸውን ስልክህ ላይ ቅዳ፤ መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቅ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስም ጻፍበት።

ፎቶም ፈልግ። አባትህና ወንድሞቹ በልጅነታቸው ፎቶ ቤት የተነሡት አንድ ፎቶ መኖር አለበት፤ ያኔ ልጅ ፎቶ ሲነሣ የቤቱን ብርቅ ዕቃ ያስይዙታል። ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ አበባ። አንዱ ልጅ እጅ ውስጥ ትንሽ ነገር ካለ በአጉሊ መነጽር እየው፤ አውቶቡሷ ከሆነች ከማንኛውም ወረቀት የበለጠ ማስረጃ አገኘህ። በእርግጥ በ2013 እና በ2014ቱ ጦርነት እዚህ ስንት ቤት ሳጥኑ ተገልብጦ፣ ስንት ፎቶ ጭቃ ላይ ቀርቷል። የእናንተ ሳጥን የተረፈው በምን እንደሆነ ራሱ ተጠይቆ መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

6. ቀለሙ ዋጋ አለው

ይህን ስታነብ እንዳትከፋ። የ68 ቁጥር አውቶቡስ በሁለት ቀለም ተሠርታለች። መጀመሪያ የወጣችው አረንጓዴና ሰማያዊ በተደባለቀ የባሕር ቀለም ነው፣ ከላይ ነጭ፤ ወዲያው ብርቱካን ተተካ፣ የተመረተውም በብዛት ብርቱካኑ ነው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በባሕር ቀለሟ ነው። የአንተዋ የብዙኃኑ ናት።

ትንሽ ልዩነት ትልቅ ዋጋ የምታመጣበትን መንገድ ካየህ ግን አትገረምም። ይኸው ሌስኒ፣ ማችቦክስ ሳይወለድ፣ የእንግሊዝን ንጉሥ የዘውድ ሠረገላ ከነስምንት ፈረሱ በትልቁ ሊሠራ ቅርጹን አዘጋጀ። ንጉሡና ንግሥቲቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሥራው ሳይገፋ ንጉሥ ጆርጅ በ1952 እ.ኤ.አ. ሞቱ፤ ልጃቸው ኤልሳቤጥ ልትነግሥ ሆነ። ፋብሪካው አዲስ ቅርጽ ለማውጣት አልፈለገም፤ ንጉሡን ከወገቡ በላይ ቆርጦ አነሣው። እግሮቹ ግን ቀሩ! ሠረገላው ውስጥ አጮልቆ ያየ ሰው ንግሥቲቱን ብቻዋን፣ ከጎኗም ባለቤት የሌላቸው ሁለት እግሮች ያያል። ንጉሡ ሙሉ ሆኖ የቀረባቸው 200 ያህል ብቻ እንደሆኑ ይነገራል፤ ሰብሳቢ ነፍሱን የሚሰጠው ለእነሱ ነው። በ1953 ለዘውዱ በዓል የወጣው ትንሹ ሠረገላ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ኩባንያው ማችቦክስን የጀመረው በዚያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የዘውድ ሠረገላ አለኝ የሚል ሰው ቢገጥምህ መጀመሪያ «ትልቁ ነው ትንሹ?» በለው፤ ከዚያ እግር ቁጠር።

7. በምን ስም እንደምትፈልጋት

«ባስ» ብለህ አትፈልግ። እንግሊዞች የከተማውን አውቶቡስ «ባስ»፣ አገር አቋራጩን «ኮች» ይሉታል፤ «ኮች» ደግሞ በፊት በፈረስ የሚጎተተው ሠረገላ ስም ነበር። በዚህ ምክንያት ስትፈልግ ሠረገላም አውቶቡስም ይቀላቀልብሃል። «ኮች» የሚለውን፣ «68» የሚለውን፣ «ሌስኒ» የሚለውን አብረህ ጻፍ።

ሠረገላን ካነሣን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የተቀመጡበት ሠረገላ የጀርመኑ ቄሣር ዊልሄልም የነበረ እንደሆነ የዚያን ጊዜ የውጭ ጋዜጦች ጽፈዋል። የዚያን አሻንጉሊት ባገኝ መስኮቴ ላይ ያሉትን 13ቱንም አስረክብ ነበር።

8. የተጠራ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ

ቆቦ ገበያ አፋሮች ግመል ሲያወርዱ ቆመህ አይተሃል። ሻጩ የሚጠራውን ዋጋ ሰምቶ «ግመል ዛሬ ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚመለስ ሞኝ አለ? ዋጋው ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው። አንተ የላክህልኝ «ይኸው በዚህ ይሸጣል» የሚለው ቁጥር የተጠራ ነው። የተከፈለውን ፈልግ። እንግሊዝ አገር ለመጫወቻ ብቻ የቆሙ የጨረታ ቤቶች አሉ፤ ቬክቲስ አንዱ ነው፤ ምን በስንት እንደተሸጠ ያወጣሉ። እሱን እይ፤ አንድ ሳይሆን አሥር ሽያጭ አይተህ መካከሉን ያዝ።

ስታወዳድር ብርቱካኗን ከብርቱካን ጋር፣ የተላጠችውን ከተላጠች ጋር፣ ሳጥን የሌላትን ሳጥን ከሌላት ጋር ነው። ሰው ሁልጊዜ የራሱን ጉድፍ የሌላ ሰው አዲስ ዕቃ አጠገብ አቁሞ ይገምታል። እውነቱን ልንገርህ? ብርቱካን፣ የተላጠች፣ ሳጥን አልባ 68 ቁጥር ለንደን ላይ ከአንድ ሰው ምሳ ብዙ አትበልጥም። የፖስታውን፣ የደላላውንና የምንዛሪውን ስትቀንስ ምሳው ሽሮ ይሆናል።

የአያትህ ታሪክስ ዋጋ አይጨምርም? ለንደን ያለ ሰብሳቢ ስለ ግራ ካሕሱ ምን ገዶት! ለእሱ መንገዷ ምንም ነው። እዚህ ግን አገላብጠህ አስብ፤ በ68 ቁጥር የተሠሩት ስንት እንደሆኑ ፋብሪካው ይቁጠረው፣ ከአንድ የኤንትሬ ረዳት ኪስ ወጥታ ቆቦ የደረሰችው ግን እሷ ናት። ያ ዋጋ በሽያጭ አይመጣም፤ በሽያጭ ይጠፋል እንጂ።

9. ሳጥኑ ውስጥ ስላለው ሌላ ነገር

በአጭሩ፤ መጫወቻዋ የፋብሪካ ዕቃ ናት፣ ብትሸጣትም ባትሸጣትም የአንተ ጉዳይ ነው። ያው ፎቶ ጥግ ላይ ግን የብራና ጠርዝ የሚመስል አይቻለሁ። እሱ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። «አውቶቡሷን ከነሳጥኑ ልውሰድልህ» የሚል ደግ ሰው ከመጣ የፈለገው አውቶቡሷን እንዳይመስልህ።

10. የአገዳው አውቶቡስ

ይህ ምክር አይደለም፣ ቁጭት ነው። እኛ ልጆች ሳለን መኪና እንሠራ ነበር። በመከር ጊዜ ማሽላው ሲቆረጥ አገዳውን ልጠን፣ ከቅርፊቱ ችንካር፣ ከልቡ አካል፤ በሰዓት ውስጥ አውቶቡስ ይቆማል፣ ከነፖርቶ መጋላው። የከተማ ልጆች ደግሞ በሽቦና በሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማው የሸራ ጫማ ሶል ተቆርጦ። መሪው ረጅም ሽቦ ሆኖ እስከ ደረት ይደርሳል፤ ቆመህ ትነዳለህ። አንዳንዱ እውነተኛ መሐንዲስ ነበር፤ ጎማው መሪውን ተከትሎ ይታጠፍ ነበር እኮ!

የእንግሊዙን ብርቱካን አውቶቡስ ዛሬም በገንዘብ ታገኛለህ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ቆቦ የተሠራ የአገዳ አውቶቡስ ግን በየትኛውም ገንዘብ አታገኝም፤ አህያ በላው፣ ምድጃ በላው። ማን ያስቀምጠዋል? ብርቅ የምንለው የመጣውን ነበር። አሁንም ሽቦ የሚያጥፍ ልጅ ሮቢት መንገድ ዳር አንዳንዴ ይታየኛል። አንዱን ገዝቼ የሠሪውን ስም፣ ቀኑንና የሰፈሩን ስም ሆዱ ላይ በሚስማር ጫርሁበት። ልጁ ሳቀብኝ።

11. ሳጥኗ

የማችቦክስ መኪና ያን ጊዜ ትመጣ የነበረው ክብሪት ሳጥን በምታህል ካርቶን ነው። ልጆች በመጀመሪያው ቀን ይቀድዱት ነበር፤ ስለዚህ ሰብሳቢ ዘንድ ሳጥኑ አንዳንዴ ከመኪናዋ እኩል ይከፈልበታል። ካርቶኑ ላይ የሱቅ ማኅተም፣ የዋጋ ወረቀት ወይም በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ካለ ደግሞ በአምስተኛው ምክር ላይ የቆጠርሁልህን በሮች የሚለየው እሱ ነው። የአሥመራ ሱቅ ነው? የቃኘው ነው? የፒያሳ ነው? አንድ ምልክት ሦስቱን በር ይዘጋል።

ይህን እንደጻፍሁ አላስቻለኝም፤ ትናንት ከሰዓት አክስትህ ቤት ሄድሁ። ስለ አውቶቡስ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ቡና ጠጣን፣ ስለ ዝናብ አወራን። የሸሚዜ ቁልፍ ተነቅሎ ነበርና «አምጣው» ብለው ከራስጌያቸው አንዲት ትንሽ ካርቶን አወጡ፤ ጠርዟ ተበልቷል፣ በክር ታስራለች፣ ውስጧ መርፌና ቁልፍ ሞልቶባታል። በአንደኛው ጫፍ 68 የሚል ቁጥር አለ። በሌላው ጫፍ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ፤ ጨለማ ስለነበረ አላነበብሁትም፣ ከእጃቸውም አልወሰድሁም።

ስትመጣ ከአዲስ አበባ ጥሩ የመርፌ ማስቀመጫ ይዘህላቸው ና፤ ክዳን ያለው ይሁን። መጀመሪያ እሱን ስጣቸው።